ማተቤና የሲግሪድ ቀይ ልብስ

ቅዳሜ ዕለት የሠራሁትን ሞኝነት ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ጌጃ ሰፈር ቁጭ ብዬ ዓመት ሙሉ እስቅበት ነበር። የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ በጽሑፍ ላስቀምጠውና አንባቢ ይሳቅበት። ኖርዌይ አገር፣ በረዶ የተሸከመ ተራራ ሥር፣ ባሕር ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ ቆሜአለሁ። የለበስኩት ከአንገት እስከ እግር ጣት የተዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ ነው፤ ድራይ ሱት ይሉታል። ከመግባቴ በፊት አስተናጋጄ ኡላ አንገትህና እጅህ ላይ ያለውን ሁሉ አውልቅ ብሎኛል። ሰዓቴን አወለቅሁ። ቀለበቴን በሳሙና ታግዬ አወለቅሁ። ማተቤን ግን አላወለቅሁም። ልደብቀው ብዬ አይደለም፤ አንገቴ ላይ ያለ ዕቃ መሆኑ ትዝም አላለኝ። አውልቅ የተባለ ሰው ጆሮውን ያወልቃል እንዴ?

ቁጢጥ በል አለኝ፤ ቁጢጥ አልኩ። ውሃው አገጬን ሲነካ አንገቴን የያዘው ስስ ጎማ ክሯ ባለችበት በኩል በትንሹ ከፈት አለና፣ በረዶ የመሰለ ውሃ በጀርባዬ ቁልቁል ወረደ። ክው አልኩ። በሰባ ዓመቴ ብዙ ጊዜ ደንግጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድንጋጤ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ትንፋሼ ወጥቶ አልመለስ አለ። አፌ ተከፍቶ ድምፅ የለውም። ኡላ በብብቴ ይዞ እንደ ጆንያ ወደ ዳር ጎተተኝ።

አሁን ከመነሻው ልጀምር። ደምሴ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ጎሚስታ ነኝ። ዕድሜዬን ልደታ አካባቢ ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍና ስነፋ ኖሬአለሁ። ማተቤን ከጉሮሮዬ ጋር አጣብቄ የማስረውም በዚሁ ሥራዬ ምክንያት ነው፤ የተንጠለጠለ ነገር ጎማ መፍቻው ማሽን ሲይዘው ምን እንደሚሆን አንድ ጎንበስ ያለ ደንበኛ በከረባቱ አሳይቶናል። ልጄ ሰብለ ኖርዌይ አግብታ ትኖራለች፤ ነፍሰ ጡር ናት። እናቷ አስካለ ለመውለጃዋ ትሄዳለች፣ እኔ ግን ከነበርበሬው እንደ ጓዝ ቀድሜ ተላክሁ።

ማክሰኞ ማታ ከቤት ስወጣ ጎረቤቶቼ እስከ ታክሲው ሸኙኝ። በላቸው የሚባለው ጓደኛዬ፣ ከቤቴ በላይ ጫማ የሚሰፋው፣ ጣቱን ወደ አንገቴ ቀሰረና ስንቱ ፈረንጅ አገር ደርሶ ማተቡን በጥሶ እንደመጣ በሰው ፊት ይቆጥርልኝ ጀመር። እኔም ተናድጄ አንገቴን ከነክሩ እንደሚያገኘው ማልኩለት። መማል የሚቀናኝ ነገሩ ሩቅ ሲሆን ነው።

ረቡዕ ሰብለ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችኝ፤ መኪናውን የምትነዳው ራሷ ናት፣ ሆዷ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ድንጋጤዬ መንገዱ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ተራራ ሲያጋጥማቸው አይዞሩትም፣ ይበሱታል። አንዱ ዋሻ ውስጥ ገባን፤ ዳዊት ደግሜ ጨረስኩ፣ ዋሻው ግን አልጨረሰም። እኛ ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ መሠረቱ ሲቆፈር ሰፈሩ ሙሉ አቧራ ሲቅም ይከርማል። ከዋሻው ስንወጣ መንገዱ ባሕር ውስጥ ገብቶ አለቀ። ሰብለ ግን ፍጥነቷን እንኳ ሳትቀንስ መኪናውን መርከብ ሆድ ውስጥ ነድታ አስገባችው። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ። አጠገባችን የቆመው ሾፌር ጋዜጣ ያነባል። ጡሩምባ የሚነፋ ሰው የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎም ፀሐይ አልገባችም፤ ራት በልቼ የምተኛበት ጨለማ አጥቼ ተንከራተትኩ።

ማደሪያዬ ከልጄ ቤት ጎን፣ የባሏ አባት ኡላ ቤት ነው። ኡላ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ፍልሰታ የሚናገረውን እኛ አንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንጨርሰዋለን። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ ሰብለ እዚህ ንጉሡንም አንተ ለማለት ምንም አይቀራቸውም ብላ ስላሳቀችኝ ተውኩት። ሐሙስ ጠዋት ቁርስ አቀረበልኝ፤ ቡናማ አይብ ነው፣ በቢላ መሰል ነገር እንደ ወረቀት እየተላጨ የሚበላ። አፌ ውስጥ ሳደርገው እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ። አይብ ስኳር ስኳር ብሎ አያውቅም፤ የተበላሸ መስሎኝ ልተፋው ስል የኡላን ዐይን አየሁና ዋጥኩት። ከዚያ ዘዴ ዘየድኩ፣ ከሻንጣዬ በርበሬ አውጥቼ ነሰነስኩበት። ኡላም እንደኔ ነስንሶ ቀመሰ። እንባው ወረደ፣ ፊቱ ቀላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያም ሳህኑን ድጋሚ ወደ በርበሬው ገፋ። በዚያች ሰዓት ተዛመድን።

ማታ ሰብለ ሌላውን ነገር ነገረችኝ። የኡላ ሚስት ሲግሪድ ሞታለች፤ የተቀበረችው ከባሕሩ ማዶ፣ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከዚህ እስከ ደሴቷ ያለው ርቀት ከልደታ እስከ ሰንጋ ተራ ቢሆን ነው። ባልና ሚስቱ በሕይወት ሳሉ ወደዚያ የሚሻገሩት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ በሚቀመጥበት ጠባብ ጀልባ፣ በካያክ፣ እየቀዘፉ ነበር። የሞተችበት ቀን ሰኞ ይውላል። ባለፈው ዓመት ልጁ፣ የሰብለ ባል፣ አብሮት ቀዝፎ ነበር፤ ዘንድሮ መርከብ ላይ ለሥራ ሄዷል። ሐኪም ለኡላ ብቻህን እንዳትቀዝፍ ብሎታል። ጎረቤት በሞተር ጀልባ ላድርስህ ቢለው እምቢ አለ፤ ወደ ሲግሪድ በሞተር ሄጄ አላውቅም ነው መልሱ።

«ብቻውን ሊሄድ ነው አባባ» አለች ሰብለ። «አውቀዋለሁ፣ አይናገርም እንጂ ሊሄድ ነው። ልቡ ደግሞ ደካማ ነው።»

ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ፤ «እኔ አለሁ አይደል» አልኩ። ውሃ ገባሁ ብዬ የማወራው ፍልውሃ ነው፤ ያውም ሙቅ ነው፣ ያውም ወለሉ ቅርብ ነው። ሰብለ አፏን ይዛ ቀረች። አጠገባችን የተቀመጠው ኡላ ሲተረጎምለት ተነስቶ እጄን ጨበጠ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት የጀልባ ቤቱን ከፈተ። ሦስት ልብሶች በሰፋፊ ማንጠልጠያ ተሰቅለዋል፤ ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች ቆመው የሚጠብቁኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ሰብለ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ትተረጉማለች። እኔ መቼም ልብስ የምመርጠው በቀለሙ ነው፣ አስካለ ደግሞ በዋጋው። እዚያ የሚመረጠው ቁጢጥ ተብሎ ነው። ትለብሳለህ፣ ቁጢጥ ትላለህ፣ እጅህን ወደ ሰማይ ትዘረጋለህ፣ እንደሚቀዝፍ ሰው ወገብህን ወዲያና ወዲህ ታዞራለህ፤ የትም ካልያዘህ፣ የትም ካልተረፈህ ያንተ ነው።

የመጀመሪያው የልጁ ነበር፤ ብለብሰው እጅጌው ጉልበቴ ደረሰ። ኡላ ራሱን ነቀነቀ። ሰፊ ልብስ አየር ይይዛል፣ ብትገለበጥ አየሩ እግርህ ውስጥ ገብቶ እግርህን ወደ ላይ፣ ጭንቅላትህን ወደ ታች ያደርገዋል አለ። ይህን በተረጋጋ ድምፅ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው ቢጫ ነው፤ አንገቱ እንደ ስፖንጅ ወፍራም ስለሆነ ይመቻል፣ ግን ትንሽ ትንሽ ውሃ ያስገባል፤ ለበጋ ይሆናል እንጂ ለዚህ ባሕርና ለእኛ ዕድሜ አይሆንም ተባልኩ። ሦስተኛው ቀይ ነው። ለበስኩ፣ ቁጢጥ አልኩ፣ ተዘረጋሁ፣ ዞርኩ። በልኬ የተሰፋ ያህል ነው። ደስ ብሎኝ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

ሰብለ ኡላን አየችው፣ ኡላ ወለሉን አየ። የሲግሪድ ነበር።

ልብሱ ላዬ ላይ ደረቀ። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፣ ባል ዐይኑ እያየ እንግዳ አይለብሰውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ጉዱ እኔ ራሴ እሆናለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ላወልቀው ስታገል ኡላ መጥቶ የትከሻውን ጨርቅ አስተካከለልኝና ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋው። በዚያው ተፈረደ። ፍርዱ ደግሞ ትርፍ ነበረው፤ የሴት ልብስ ስለሆነ ለሽንት የሚከፈተው ዚፕ ከኋላ ነው። በኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን የዕድሜ እኩዮቼ ያውቁታል። ሰብለ መተርጎም ጀምራ መሀል ላይ «እሱን እንኳ ኡላ ራሱ ያሳይዎት» ብላ ወጣች።

ልብሱ ውሃ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ከሥሩ የሚለበሰው ሱፍ ነው። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚያቀዘቅዝ አይፈቀድም። ሰብለ ስትመለስ ጋቢዬን ከሥር ላድርግ ብላት ሳቀችብኝ። አንድ ነገር ብቻ አላስተማሩኝም፤ አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ያለውን ስስ ጎማ። እሱን ስነካ አገሬ ገባሁ፤ ከከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ይሳሳል እንጂ ያው ነው። በጥፍር አይጎተትም፣ ጣት ከውስጥ ገብቶ ይለጥጠዋል። የታልክ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ልክ እኛ ከመነዳሪውን ጎማ ውስጥ ስንከት እንደምንነሰንሰው። ኡላ እጄን አይቶ ሥራዬን ጠየቀ፤ ሲነገረው ፈገግ አለ።

ቅዳሜ የሆነውን ነግሬአችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ከውሃው ከወጣሁ በኋላ ያለውን ነው። ኡላ ምድጃ ዳር አስቀምጦ በብርድ ልብስ ጠቀለለኝ፤ ትኩስ የፍራፍሬ ጭማቂ በሁለት እጄ አስያዘኝ፣ እግሬን በእጁ ያሸው ጀመር። ሽማግሌ የሽማግሌ እግር ሲያሽ አይቼ አላውቅም፤ ከብርዱ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። ከዚያ የልብሱን አንገት ወደ መስኮቱ ይዞ እያገላበጠ አየ። ጎማው አርጅቷል አለ፤ ሰብለ ትተረጉማለች። ሲግሪድ ከሞተች ወዲህ ዱቄት አልነሰነስኩበትም፣ ፀሐይ እንዳያገኘው አልጠበቅሁትም፣ ልብሷን አልጠበቅሁላትም እያለ ራሱን ወቀሰ። ሌላ አንገት ቢታዘዝ ከሰኞ በኋላ ነው የሚደርሰው። ልብሱን ጥግ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ማተቤን በጣቴ እየነካሁ ውሃው በየት እንደገባ ገብቶኛል። ከተናገርኩ አውልቅ ይሉኛል፣ ካወለቅሁ ደግሞ ጫማ ሰፊው በላቸው አለብኝ። ሽማግሌ ሲዋሽ ቃል አያወጣም፤ ያስላል። እኔም አሳልኩ።

እሁድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ኡላ የአንድ ሰው ጀልባ ተሸክሞ ወደ ዳር ሲያወርድ አየሁ። ወጥ ቤት ስገባ ሰብለ ድንች እየላጠች ታለቅሳለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩና ከጎማ ሥራ በለቀምኳት እንግሊዝኛ ልብሱን ልመርምረው አልኩት። ለማለት የደፈርኩት ይኸን ብቻ ነው፤ ምናልባት ሌላ ቀዳዳ ቢገኝ እኔ ነፃ እወጣለሁ ብዬ።

የእጆቹን ጎማ በጣሳ፣ አንገቱን በትንሽ ድስት ወጥረን ዘጋን። በፓምፕ ነፋነው፤ ቀዩ ልብስ ወገቡን ይዞ የቆመ ወፍራም ሴትዮ መሰለ። የሳሙና አረፋ በጺም ብሩሽ ቀባሁ። እኛ ቤት ቀዳዳ ካለ አረፋው ይናገራል። አንገቱን ቀባሁ፣ አረፋው ዝም። ስፌቱን ቀባሁ፣ ዝም። ዚፑን ዝም፣ ካልሲውን ዝም። በጎሚስታነት ዘመኔ ቀዳዳ አጣሁ ብዬ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ኡላ ልብሱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሳይመረመር የቀረ አንገት አንድ ብቻ ነበር። ኮሌታዬን ፈታሁ።

ሰብለ ተጠርታ መጣች። «ማተብዎ ነው እንዴ?» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። ኡላ ክሩ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ረጅም ጊዜ አስረዳችው። ሲጨርሱ ወደኔ ዞራ «እንዲህ ያለውን ነገር አውልቅ አልልህም ይልዎታል» አለችኝ። «ልብሱ ደህና መሆኑን ስላወቅሁ ይበቃኛል፣ ብቻዬን እሄዳለሁ ነው የሚለው።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዓቱን ቆጥሬ፣ ልደታ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ግን አባቴ ናቸው። ሽማግሌውን፣ መቃብሩን፣ ልብሱን፣ ውሃውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሳቃቸውን እየያዙ ጠየቁኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህ ክር ባረጀ ቁጥር ስንቴ ቀይረውታል?»

«እንጃ፣ ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ጉሮሮ ላይ ይታነቅ ያለዎት ማነው? ክር ጨምረው ያስረዝሙት፣ ከልብሱ ውስጥ ደረትዎ ላይ ይውረድ። ደግሞ ያን ሰው ብቻውን እንዳይልኩት።»

ጎማ መፍቻው ማሽን ከኔ ጋር እንዳልመጣ፣ ማተቤን ማሳጠር ካቆምኩ ማንም እንደማይከሰኝ፣ ይህን ለማወቅ ወደ አገር ቤት መደወል ነበረብኝ። አሁንም ሳስበው ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል።

ክር ተፈለገ። ሰብለ ቤት የለም፣ ቀኑ እሁድ ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። ኡላ ወደ ላይ ወጣና ቆይቶ ያላለቀ ሹራብ ይዞ ወረደ፤ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ እጅጌ ከክርን አይዘልም፣ መስሪያው መርፌ እንደተሰካ ነው። ሰብለ ፊቷ ተለወጠ። ሲግሪድ ስትሠራው የነበረ ነው፣ ከሞተች ወዲህ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ተው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን መርፌውን ነቅሎ እጅጌውን እየተረተረ ነው። አንድ ክንድ ያህል ሳበና ቆረጠው። የድሮውን ቋጠሮ ፈታሁት። አንገቴ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ፤ ቀለለኝ፣ ቅለቱን ግን አልወደድኩትም። ሰማያዊውን ከጥቁሩ ጋር ቀጥሎ ከማጅራቴ የቋጠረው ኡላ ነው። የባሕር ሰው ቋጠሮ ያውቃል።

ሰኞ ተሻገርን። ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የሲግሪድ ቦታ ነው። ጉልበቴ ከሚኒባስ ወንበር ይልቅ ተመችቶታል። ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሻለሁ፣ ዋና አልችልም፣ ከሥሬ ያለው ውሃ ጥቁር ነው። እኔ ወደ ቀኝ ስቀዝፍ ኡላ ወደ ግራ፣ መቅዘፊያችን ተጋጭቶ ተጋጭቶ መሀል ላይ ተስማማ። አንዴ ማዕበል መጥቶ እስከ ደረቴ መታኝ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ያን ውሃ በጀርባዬ ጠበቅሁት። አልመጣም። ደረቅ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ነው ተራራው ባሕሩ ውስጥ ተገልብጦ መታየቱን ያየሁት።

መቃብሩ ላይ ኡላ ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ ነቀለ፤ ብዙ ቆየ። እኔ ቀይ ልብሷን ለብሼ ከኋላው መቆሜ አሳፈረኝና ራቅ ልል ስል እጁን አንስቶ ቁም አለኝ። በእኛ ወግ ነፍስ ይማር አልኩላት። ኡላ ቃሉን ደግሞ ደጋግሞ ሞከረው፣ «ይማር» የሚለው ላይ ምላሱ ተሰናከለ፣ ሆኖም ጨረሰው። ሲነሳ ፊቱ እንባ ነው፣ ያን ጊዜ በርበሬ አልነበረም።

ስንመለስ ሳንወርድ እዚያው ጀልባው ላይ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ዘወር ስል በመቅዘፊያው አንገቴን አመለከተ። ቀጥሎ ደረቱን መታ፣ ቀጥሎ እጅጌውን ወደ ታች ጎተተ። በኋላ ሰብለ ፈታችልኝ፤ ሹራቡ የኔ ነው፣ ለኔ ነበር የምትሠራው፣ ዘንድሮ ጎረቤት እንድትጨርሰው እሰጣለሁ፣ አንድ ክንድ ክር ግን ካንተ እጠብቃለሁ ማለቱ ነው። እየሳቀ ነው ያለው። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ማታውን ልብሱን የተንከባከብኩት እኔ ነኝ፣ ኡላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ጨዉን በንጹህ ውሃ አጠብኩት፣ ውጩን ጥላ ውስጥ አደረቅሁ፣ ገልብጬ ውስጡን አደረቅሁ። ጎማዎቹን ዱቄት አለበስኩ። የነሐሱን ዚፕ በብሩሽ ጠርጌ ሰም አሸሁበት፣ ተከፍቶ እንዲያድር ተውኩት። አላጠፍኩትም፤ የታጠፈ ዚፕ ይሰበራል። በሰፊው ማንጠልጠያ ላይ መልሼ ሰቀልኩት፣ ከመስኮቱም አራቅሁት። ጎማ ፀሐይና ዘይት እንደማይወድ እንኳን ለእኔ።

አሁን ልደታ ነኝ። አስካለ በቅርቡ ለመውለጃው ስለምትሄድ ክሩን እሷ እንድታደርስ ነው ሐሳቤ። ትናንት ይዣት ጌጃ ሰፈር ክር ቤት ሄድኩ። ባለ ሱቁ ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ ናሙና ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ይስጡኛ፣ ብርሃን ላይ ልየው።»

አይሰጥም አልኩት። ኮሌታዬን ፈትቼ ባንኮኒው ላይ እንደሚታረድ ሙክት አንገቴን ዘረጋሁለት። ሰውየው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሥራው ነውና ሰማያዊ ክሮቹን አንድ በአንድ እያወረደ አንገቴ ላይ ያስተያይ ጀመር። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሴቶች ፍርድ ይሰጣሉ፤ አንዷ ደመቀ ስትል ሌላዋ ፈዘዘ ትላለች። አንዱን ክር ሲያደርግ «ይኼ ይቀርባል» አለ። አስካለ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ጎንበስ ብላ አየችው።

«‹ይቀርባል› እጅጌ አይሆንም» አለችው።

ነገ ሌላ ሱቅ እንሄዳለን። ለኡላ አንድ ክንድ ሰማያዊ ክር አለብኝ።